መጀመሪያ ቀዩ

ሐዋዝን የረገጥኩት እኔ ነኝ። ይሄን ቀድሜ ልናገረውና ልገላገል፣ ምክንያቱም ከዚ ቀጥሎ ምነግራችሁ ነገር በሙሉ ይቺን አንድ ነገር ላለመናገር ብዬ ያደረግኩት ነው።

ናታን እባላለሁ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ሳምንቱን እዚ ስዊድን ዮርድብሩ ሚባል ሰፈር አንድ ትልቅ ላገር፣ መጋዘን፣ ውስጥ ካርቶን ስደረድር እውላለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደሞ ለቸርቻችን ወጣቶች ቡድን ኳስ እጫወታለሁ። ሰባት ነን። አሰልጣኛችን ጋሽ ገመዳ ናቸው፣ ፊሽካ እንኳን አይነፉም፣ ሲቆጡ በእጃቸው ነው ሚያጨበጭቡት። ዘንድሮ የሐበሻ ቡድኖች ዋንጫ ላይ ፍጻሜ ከገባን ሰባታችንም ፀጉራችንን ብሎንድ እናደርጋለን ብለን ማልን። ጋሽ ገመዳ ሰምተው "የቸርች ልጅ በፀጉሩ አይምልም" አሉ። ፍጻሜ ገባን።

አርብ ከሥራ መልስ ተሰብስበን ቬሊንግቢ ፌበን ጋ ሄድን። ፌበን የክርስቲያን የአክስቱ ልጅ ናት፣ ሰፈሩ መሃል፣ ሴንትሩሙ አደባባይ ላይ ፊቷ በሙሉ መስታወት የሆነ ትንሽ ፀጉር ቤት አላት። ክርስቲያን ደሞ ጓደኛዬ ነው፤ ከሰባት ዓመታችን ጀምሮ ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጥን፣ እሱ ሲቀጣ እኔ ምስቅ፣ እኔ ስቀጣ እሱ ሚያለቅስ። ፌበን በተራ በተራ እያስቀመጠች የሁላችንንም ቀለም አወጣችው። መድኃኒቱ ጭንቅላታችንን እንደ ሚጥሚጣ ሲለበልበን እየጮህን ስንስቅ በስልኳ ቀርጻ ኢንስታ ላይ ለጠፈችው። ስንወጣ ሰባት ሎሚ ነበር ምንመስለው።

ፍጻሜው ከፍሌሚንግስቤሪ ልጆች ጋር ነበር። ደጋፊዎቻቸው ገና ወደ አዳራሹ ስንገባ "ጫጩት፣ ጫጩት" እያሉ ፈንዲሻ ይበትኑብን ጀመር። ያስቃል እኮ፣ አሁን ሳስበው። ሐዋዝ አስር ቁጥራቸው ነው። ሁለተኛውን ጎል አግብቶብን ሲመለስ አናቴን ዳበስ አደረገና "ጫጩቴ፣ ጥሬ ላምጣልሽ?" አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ፣ ክፋት አልነበረውም። ተቀያሪዎቹ ሳቁ። ክርስቲያንም ሳቀ። ያልሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ጨዋታው አልቆ፣ ጥቁሩን ጃኬታችንን ደርበን ስንጨባበጥ በአረንጓዴ ማልያው የቀረው በረኛችን ሄኒና አንዱ የነሱ ልጅ በደረት ተገፋፉ። ከዛ ማን ምን እንዳለ አላውቅም፣ ሁሉም ገባበት። ወንበር ተወረወረ። ሰው በሰው ላይ ወደቀ። ሐዋዝ ሊገላግል ነበር የመጣው፣ የራሳቸው ፈንዲሻ አንሸራቶት እግሬ ስር ወደቀ። ረገጥኩት። መጀመሪያ ጎኑን። ከዛ ፊቱን፣ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ሲል በጫማዬ ተሰማኝ። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ "በቃ ወንድሜ፣ በቃ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ለኔ ብቻ ሚሰማ። ሁለቱ ከ"በቃ" በፊት ናቸው። ሦስተኛው ከ"በቃ" በኋላ ነው። ዓይኑን ያገኘው ሦስተኛው ነው።

ሁለት እርምጃ ርቆ ክርስቲያን ቆሞ ነበር። አየኝ። በፔንደልቶጉ ባቡር ስንመለስ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ከሦስት ጣቢያ በኋላ "ጫማህን ቤት ከመግባትህ በፊት እጠበው" አለኝ። ከዛ በኋላ አላነሳውም።

የሐዋዝ መንጋጋ ሁለት ቦታ ተሰብሮ በሽቦ ታሰረ፣ ግራ ዓይኑ ያይ እንደሆነ ገና አልታወቀም አሉ። አንድ ሰው ከላይ ወንበር ላይ ሆኖ የቀረጸው አስራ አንድ ሰከንድ ቪዲዮ ወጣ። ከኋላ ነው የተነሳው፣ ጥቁር ጃኬት፣ ቢጫ ጭንቅላት፣ ሚነሳና ሚወርድ እግር። ፊት የለም፣ ቁጥር የለም። ከሄኒ በቀር ማናችንም ልንሆን እንችላለን፣ ሐዋዝም ፊቱን ሸፍኖ ስለነበር የመታውን ሰው ፊት አላየም።

ፖሊስ አልተጠራም። እዚ ጋ ነው የኛ ሰው ስህተቱ። ጋሽ ገመዳና የነሱ ሽማግሌዎች የዛኑ ዕለት ተገናኝተው፣ ልጆች ናቸው፣ ፖሊስ ከገባ የሁለት ቤት ልጅ ይጠፋል፣ በሽምግልና ይለቅ ተባባሉ። ሆስፒታልም ሲጠየቁ ጨዋታ ላይ ወደቀ ተባለ። ሐሙስ ሁለቱም ወገን ጋሽ ገመዳ ቤት ይመጣል፣ ያደረገው ልጅ ራሱ ተነስቶ "እኔ ነኝ" ይላል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ እርቅ ይሆናል። እስከዛ ሁሉም እቤቱ ይቀመጥ። ቆንጆ ነበር። ግን የሐዋዝ ታላቅ ወንድም ቸሩ ሽምግልናው ላይ አልነበረበትም። ቸሩ አንገት የሌለው ሰው ነው፣ ትከሻውና ጆሮው አንድ ላይ የበቀሉ። እሁድ ለሁላችንም አንድ የድምጽ መልእክት ላከ።

"ስሙኝ ጫጩቶች። እርቁን ለእናቴ ትቼላታለሁ። እኔ ብሎንዱን ነው ምፈልገው።"

ሄኒ ደንግጦ ያን ቀን ተላጨ። ሰኞ ዮርድብሩ ጣቢያ ላይ ቸሩ ያዘው። "የተላጨ ሚሸሽ ነው" ብሎ አፉን ከደረጃው ብረት ጋር አጋጨው። ሁለት ጥርስ። ከዛ ሄኒ በደም አፉ "በረኛ ነኝ፣ እኔ የለበስኩት አረንጓዴ ነው" ሲለው ቸሩ ቪዲዮውን አውጥቶ አየ፣ ጥቁር ጃኬት። "ይቅርታ ወንድሜ" ብሎ ጥርሱን ከመሬት ለቅሞ በሶፍት ጠቅልሎ ሰጠው። ይሄን ስሰማ ነው እኔ የምር የፈራሁት። ሚናደድ ሰው ይደክመዋል፣ ጥርስ ለቅሞ ሚሰጥ ግን አይደክመውም።

ስለዚ መላጨት ቀረ። ሦስቱ ሌላ ቦታ ሄደው ጥቁር ተቀቡ። ንጋቱ ከሱቅ የገዛውን ቡናማ እቤቱ ተቀብቶ አረንጓዴ ሆነ። እስከ ረቡዕ ድረስ ከሰባታችን ብሎንድ ሆነን የቀረነው እኔና ክርስቲያን ነን። ይቺን ያዙልኝ።

ረቡዕ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በኮፍያ ተሸፍነን ፌበን ጋ ገባን።

"ቡናማ አርጊን፣ እንደ ድሮው" አልኳት። የኔ ፀጉር ከተፈጥሮው ቡናማ ነው፣ ጥቁር አይደለም፣ ክርስቲያንም እንደዛው።

"አዛዥ መጣ" አለች ፌበን። "ባለፈው ንጉሥ አርጊን፣ ዛሬ ደሞ እንደ ድሮው አርጊን።"

"ቀጥታ ቡናማውን ቀቢና እንሂድ።"

"የንጋቱን አላየህም? ትናንት ደውሎ 'ፌቢዬ፣ ጭንቅላቴ ላይ ሻጋታ በቀለ' አለኝ።" ኮፍያዬን አንስታ ፀጉሬን በጣቷ ፈተለችው። "ብሎንድ ማለት ባዶ ማለት ነው። ውስጡ የነበረው ቀይ ተጠርጎ ወጥቷል። ባዶ ላይ ቡናማ ከቀባህ አረንጓዴ ነው ሚሆነው። መጀመሪያ ቀዩን መልሼ እሞላዋለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ትቀመጣለህ፣ ከዛ ነው ቡናማው ሚይዘው።"

"ጥቁር ብንሆንስ?"

"ሦስቱን አየሃቸው አይደል? ዊግ ነው ሚመስሉት። ሽማግሌ ፊት በዊግ ልትቀርብ ነው?"

"የጋሽ ገመዳ ሚስት በዊግ ነው ሚቀርቡት፣ ያምርባቸዋል" አለ ክርስቲያን። ፌበን በፎጣ መታችው።

ከዛ እሱንም ኮፍያውን አስወልቃ ፀጉሩን አየች። ኮፍያውን መስታወቱ ስር ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ይቺንም ያዙልኝ።

"ማን ይቅደም?" አለች።

አፌን ስከፍት ክርስቲያን ቀደመኝ። "እሱ ይቅደም። እሱ ነው ሚቸኩለው።" ሲናገር ወደኔ አላየም፣ ወደ ወለሉ ነው ያየው። ፌበን ምንም አልገባትም። እኔ ገባኝ፣ ወንበሩ ላይም ተቀመጥኩ።

ጥቁሩን ጨርቅ አንገቴ ላይ አሰረችልኝና ቀዩን ማሸት ጀመረች። ቀለሙ እርጥብ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ደም ነው ሚመስለው፣ ጆሮዬ ኋላ ይወርዳል፣ እሷ በጥጥ ትጠርጋለች። ስልኳን መስታወቱ ፊት አቁማ ሃያ ደቂቃ ሞላችና ወደ ታች መቁጠር ጀመረ። ከዛ መሳቢያ ከፍታ "የቀረኝ የቡናማው ቱቦ ለአንድ ራስ እንኳን አይበቃም" አለች።

"እኔ ልግዛ" አለ ክርስቲያን። "ሱቁ እዛ ማዶ አይደል? ይሄ ቁጭ ብሎ ሲቀላ እኔ መጣሁ።"

"ቁጥር አምስት በለው። አራት እንዳያመጣ፣ አራት ጠቆር ይላል።"

"ቁጥር አምስት" አለ። ወጣ።

በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። አደባባዩ ላይ ክብ ክብ ሆኖ የተነጠፈውን ድንጋይ እያቋረጠ ይሄዳል፣ ጭንቅላቱ ፀሐይ መትቶት እንደ መብራት ይበራል። ኮፍያው ወንበሩ ላይ ነው። አየሁት እኮ። ወንበሩ ከጉልበቴ አንድ ክንድ አይርቅም። ፌበንን "ኮፍያውን ረሳ፣ ጥሪው" ማለት ነበር። ሦስት ቃል ናት። አፌ ውስጥ ነበረች።

እንዲመታ አልተመኘሁም፣ በእግዚአብሔር ስም። ግን ዝም ስል አንድ ሒሳብ ሰርቻለሁ፣ እሱን አልክድም። እኔ ቀይ ነኝ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ቡናማ እሆናለሁ፣ ስድስታችንም ብሎንድ አይደለንም፣ በዚ ከተማ የቀረው አንድ ብሎንድ እሱ ነው። ቸሩ ሰው ካገኘ ሚያገኘው ሰው እኔ አልሆንም። ሦስት ደቂቃ ነው፣ ሱቅ ደርሶ ይመለሳል፣ ምን ይመጣል አልኩ። ቃሏን ዋጥኳት።

ቸሩ የፌበንን ኢንስታ አይቶ ነበር። ያን ቀን ሁለት ሰው ይዞ፣ ሰባታችን የት እንደምንገኝ ሊጠይቃት ነው ወደዛ የመጣው። ልክ ከምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ከቱነልባናው በር ሲወጡ ክርስቲያን ትንሽ ላስቲክ ይዞ ከሱቁ ወጣ። የፌበን ስልክ ላይ አስራ ስድስት ደቂቃ ይላል።

መጀመሪያ ቆመው ያወሩ ነበር ሚመስለው። ክርስቲያን አይደለም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቸሩ ስልኩን አሳየው። ክርስቲያን ድጋሚ ራሱን ነቀነቀ። ከዛ ቸሩ በግንባሩ መታው፣ አፍንጫው ላይ፣ ድምጹ ባይሰማኝም የክርስቲያን እግር ሲታጠፍ አየሁ። ሁለቱ ክንዱን ይዘው አቆሙት። ቸሩ አይቸኩልም ነበር። ይመታዋል፣ ቆሞ ያየዋል፣ አንድ ነገር ይጠይቀዋል፣ ክርስቲያን ራሱን ይነቀንቃል፣ ይመታዋል። ሰው ከካፌው ተነስቶ እየጮኸ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አንዲት አሮጊት ዱላቸውን አንስተው ወደነሱ ሲሄዱ አንድ ሰው ጎትቶ መለሳቸው። ሲለቁት ወደቀ። ከዛ እግር መጣ።

ፌበን ዕቃ እያጠበች ነበር። ቀና ስትል አየችው። ፀጉር መጥረጊያውን ይዛ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ሮጠች። ስትደርስ የአንዱን ጀርባ በመጥረጊያው መታችው፣ እንጨቱ ተሰበረ፣ ሰውዬው ዞሮ በአንድ እጁ ገፋት፣ ወደቀች፣ ተነሳች፣ በተሰበረው እንጨት ድጋሚ መታችው።

እኔ ተቀምጫለሁ።

አስራ ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ይላል። ቀለሙ ግንባሬ ላይ ይወርዳል፣ ሚጠርግልኝ የለም። ቸሩ እግሩን ሲያነሳ አየሁ፣ የኔ ቪዲዮ ላይ እንዳለው አነሳስ ነው፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ስቦ። አስራ ሦስት ከሃያ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛውም ነበር። አስራ ሦስት። ሰዎች እጄ ተሳሰረ፣ እግሬ ከዳኝ ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔን ምንም አልከዳኝም። እግሬ ደህና ነበር። ቁጥሩን እያየሁ ነበር፣ በቃ።

አስራ ሁለት ከዜሮ አምስት ሲል ተነሳሁ።

ጨርቁ አንገቴ ላይ እንደታሰረ ሮጥኩ። ቀዩ ዓይኔ ገባ፣ አፌ ገባ፣ መራራ ነው። ሰዉ ሲያየኝ ጮኸ። መሃላቸው ገብቼ ቸሩን በደረቱ ገፋሁት። ንቅንቅም አላለም። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"አንተን ደሞ ማን ነው የፈነከተህ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩት። "ሐዋዝን የመታሁት እኔ ነኝ። ተወው።"

"ሂድ ተቀመጥ ወንድሜ፣ ጭንቅላትህ እየፈሰሰ ነው።"

"እኔ ነኝ እያልኩህ እኮ ነው። ብሎንዱ እኔ ነኝ።"

ቀይ ፀጉሬን አየ። ከዛ መሬት ላይ ያለውን ቢጫ ፀጉር አየ። በመዳፉ ትከሻዬን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ጎን አደረገኝ፣ ልክ እንደ ሰካራም። "ብሎንዱ ይኸው" አለ። እግሩን አላነሳም ግን። ጣቶቹን ዘርግቶ አያቸው፣ ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ ጓደኞቹ ሮጡ። እሱ ፖሊስ እስኪመጣ እዛው ነበር።

አምቡላንሱ ሲደርስ ሁለት ሰዎች ዘለው ወረዱና በቀጥታ ወደኔ መጡ። በቀጥታ። አንዷ ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ያዘች፣ ሌላው አስተኝቶኝ ፋሻ ይፈታል። አልፈውት የመጡት ክርስቲያንን ነው፤ ደረቱ ላይ ተጣጥፎ ከፊቱ የወጣው ደም ድንጋዩ ላይ ክቡን ይዞ ይሄዳል። ፌበን በጉልበቷ ተንበርክካ አንገቱን ደግፋ "ፋርግ ነው! የፀጉር ፋርግ ነው!" እያለች፣ ቀለም ነው ለማለት፣ በስዊድንኛ ትጮሃለች። ሴትየዋ ጣቷን አየች፣ አሸተተች። ፎጣ አንስታ አናቴን ጠረገችው። አንድ ጭረት አልነበረብኝም። ትታኝ ወደሱ ሄደች።

ከዛ በኋላ ፌበን በሩን ቆልፋ ቀዩን አጠበችልኝ፣ እያለቀሰች፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ እሷም አላስተዋለችም እኔም አልተናገርኩም። ፀጉሬ እንደ መዳብ ቀልቶ ቀረ። "ቡናማውስ?" አልኳት። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አላልኩትም። በመስታወቱ አየችኝ። "ቡናማው ወንድሜ እጅ ላይ ነው" አለች። ኮፍያውን ከወንበሩ አንስታ እጇ ላይ ጠቅልላ ይዛ ሄደች።

ሳይመሽ ሌላ ቪዲዮ ወጣ። ከካፌው የተቀረጸ። አንድ ልጅ ጭንቅላቱ በሙሉ በደም ታጥቦ፣ ጥቁር ጨርቅ እንደ ካባ እያውለበለበ፣ ሦስት ሰው መሃል ዘሎ ሲገባ። ድምጽ የለውም። እኔ ነኝ። ከስሩ የተጻፈውን ብታዩት። ጀግና። ለጓደኛው ደሙን ያፈሰሰ። እናቴ ሦስቴ አይታው ሦስቴ አለቀሰች። "የፀጉር ቀለም ነው እማዬ" ስላት "ትሕትናውን እዩልኝ" ብላ ለጎረቤት ደወለች። ጋሽ ገመዳ ደውለው "ልጄ፣ ኮርቻለሁ" አሉኝ። ከዛ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ክርስቲያን እንዲህ ያደርጋል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ለካ እሱ ነው። እንግዲህ የተቀበለው ይበቃዋል፣ እኛም ይቅር ማለት አለብን" አሉ።

ዝም አልኩ። አዎ፣ እንደገና። ፖሊስ ስለገባ የሐሙሱ ሽምግልና ቀርቷል። ቸሩ ታስሯል። ክርስቲያን ሳንባው ተበስቶ፣ አምስት የጎን አጥንቱ ተሰብሮ፣ እንቅልፍ ውስጥ ነው። "እኔ ነኝ" ማለቴን የሰማ ሰው ቢኖር ቸሩ ነው፣ እሱም ተፈንክቼ የቀባጠርኩ ነው የመሰለው። ነገሩ አልቆ ነበር። እኔ ዝም ካልኩ ተሸፍኖ፣ ቡናማ ሆኖ፣ እንደ ድሮው ይቀር ነበር።

ሐሙስ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ሄድኩ። ክርስቲያን የተኛበት ክፍል በር ላይ አንዲት ፖሊስ ወንበር ይዛ ተቀምጣለች፣ ሲነቃ ልታናግረው። የክርስቲያን እናት እትዬ ሙሉመቤት ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። እሳቸው አዛውንቶች መንከባከቢያ ነው ሚሠሩት፣ የሥራ ነጠላ ጫማቸውን እንኳን አልቀየሩም። ሲያዩኝ መጥተው አቀፉኝ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ጉንጬን ሳሙኝ፣ ጎንበስ ሲሉ እግሬን ሊስሙ መሆኑ ገባኝና በሁለት እጄ ያዝኳቸው።

"ተዉ እትዬ።"

"እንዴት ልተው? ደምህን ያፈሰስክለት ልጄ ነው።" ከኪሳቸው አንድ ትንሽ ላስቲክ አወጡ። "ይሄን ነርሷ ሰጠችኝ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው አሉ የፈቱት፣ አልለቅም ብሎ። ምን እንደሆነ አላውቅም። የማን ነው?"

ቱቦው ነው። ተጨምድዷል። ላዩ ላይ አምስት ይላል። አራት አይደለም።

"የኔ ነው" አልኩ።

ከዛ ሁሉም ከአፌ ወጣ። ከፈንዲሻው ጀምሮ እስከ ኮፍያው፣ እስከ አስራ ሁለት ከዜሮ አምስት። በድምጽ አይደለም የነገርኳቸው፣ እየሾከሾክኩ ነው፣ ፖሊሷ ስልኳን እያየች ነው። እትዬ ሙሉመቤት አላቋረጡኝም። ስጨርስ ስለ ልጃቸው ብቻ ጠየቁ።

"ልጄ ያውቅ ነበር? አንተ እንደሆንክ?"

"ከመጀመሪያው ጀምሮ።"

"እያወቀ 'እሱ ይቅደም' አለ?"

"አዎ።"

"እነሱ 'አንተ ነህ ወይ' ሲሉት ስምህን አልጠራም?"

"አልጠራም።"

ጥፊ ጠብቄ ነበር። ፀጉሬን ነው የያዙት። ከግንባሬ በላይ፣ በጡጫ ሙሉ፣ ሥሩ እስኪነቀል። ጭንቅላቴን እስከ ወገባቸው ድረስ ስበው መሄድ ጀመሩ። እሳቸው ደረቴ ድረስ ነው ሚደርሱት፣ እኔ ካርቶን ምሸከም ሰው ነኝ፣ ግን አጎንብሼ ተከተልኩ። በኮሪደሩ፣ በሊፍቱ አይደለም፣ በደረጃው፣ አንድ ፎቅ፣ ሁለት ፎቅ፣ ደረጃው ጥግ ሲደርሱ አናቴ ከግድግዳው ጋር ይጋጫል፣ አይዞሩም። አንድ ነርስ "ምንድነው?" አለ በስዊድንኛ። "ልጄ ነው" አሉት በአማርኛ። መንገድ ለቀቀ።

የሐዋዝን ክፍል ያውቁታል። ለካ ጠዋት ልጃቸው ስላደረገው ነገር ይቅርታ ሊጠይቁ ሄደው ነበር። ልጃቸው ስላደረገው።

በሩን በእግራቸው ከፈቱት። ሐዋዝ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል፣ ግራ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል፣ ፊቱ ወይን ጠጅ ሆኖ አብጧል፣ ከንፈሩ መሃል ሽቦው ያበራል። እትዬ ሙሉመቤት ፀጉሬን ወደ ላይ ስበው ፊቴን አሳዩት።

"ይሄ ነው?" አሉት።

ሐዋዝ በአንድ ዓይኑ ፀጉሬን አየ። ቀይ ነው። ራሱን ነቀነቀ፣ አይደለም።

ልብ በሉ፣ እዛ ጋ እንኳን ማምለጥ እችል ነበር። የተመታው ሰው ራሱ አይደለም ብሏል። ከዚ በላይ ምን ምስክር አለ?

"'በቃ ወንድሜ፣ በቃ' ነው ያልከኝ" አልኩት። "ከዛ በኋላ አንድ ጊዜ ደግሜ መታሁህ።"

ዓይኑ ቆመ። ጣቱ አንሶላውን ጨበጠ። ስልኩን ከጎኑ አነሳ፣ ቀስ እያለ ጻፈ፣ አዞረልኝ። "ሦስተኛውን ለምን?" ይላል።

እትዬ ሙሉመቤት ማንበብ አልቻሉም፣ መነጽራቸው ታች ነው። "ምን አለህ?" አሉ። አነበብኩላቸው። "መልስለት" አሉኝ። ጡጫቸው ጠበቀ።

ፈለግኩ። እውነቴን ነው፣ ትልቅ ነገር ፈለግኩ፣ ሰው ቢሰማው አንገቱን ሚነቀንቅለት ነገር። ፍርሃት፣ ሽንፈት፣ ግርግር። አንዱም አልነበረም።

"ጫጩት ስላልከኝ" አልኩት።

ሐዋዝ በሽቦው ውስጥ ድምጽ አወጣ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ እስካሁን አላውቅም። ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እትዬ ሙሉመቤት ያን ጊዜ ነው ፀጉሬን የለቀቁት። ጣቶቻቸው መሃል የተነቀለ ቀይ ፀጉር ነበር፣ መዳፋቸውም በላቤ ቀልቷል። ሸሚዜ ላይ ጠረጉት፣ አንዴ በዚ፣ አንዴ በዚያ።

"ፖሊሷ ልጄ በር ላይ ናት" አሉ። "ቅደም። መቅደም ትወድ የለ።"

ቀደምኩ። ደረጃውን ስንወርድ ከኋላዬ የነጠላ ጫማቸው ድምጽ አልተለየኝም።